ደገኛዋ ዲኤክስ

ጋምቤላ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ፣ ሌላ መሆኑ እስኪጣራ ድረስ፣ ወባ ነው። ራስ ምታትም ወባ ነው፤ እህል አለመቅመስም ወባ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ከቢሮ መቅረት ደግሞ ያለ ምርመራ የሚታወቅ ወባ ነው። ስለዚህ የጎረቤቴ የቲቸር ኮሮላ ዲኤክስ ከአዲስ አበባ መጥታ በራችን ላይ ቆማ መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ የመጀመሪያውን የሕመም ስም ያወጣችላት ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው እህታችን መሆኗ አይገርምም።

«ከደጋ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ይይዘዋል። አስመርምራት፣ ቲቸር» አለችው፣ ስኒዋን እያለቀለቀች።

ሳቅን። በኋላ ነገሩ ሲገለጥ ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው የእሷ ሆኖ ተገኘ። ግን ካቻቢቴ ያልያዘ ሰው ስለ መኪና ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ዲኤክስን ለማያውቅ አንባቢ፣ እንዲህ ያለ አንባቢ መኖሩን ብጠራጠርም፣ ትንሽ ልበል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች፣ ማዕዘኗ የሚታይ፣ ኮፈኗ ሲከፈት ሞተሯ ዙሪያውን ለእጅ የሚበቃ ክፍተት ያለው መኪና ናት። ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልገባባትም። አየርና ቤንዚን የሚገናኙት ካርቡራተር ውስጥ ነው፤ እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ የሚያድለው ዲስትሪቢተሩ ነው፤ የቀረውን የሚሠራው የባለቤቷ ጸሎት ነው። ክፍሎቿ ሁሉ የሚታዩና የሚነኩ ስለሆኑ ማንም አላፊ አግዳሚ ያውቃታል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ሕመሟ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ሚኒሞዋ ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በለስላሳው መዞር ሲገባው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሊጠፋ ይልና ሐሳቡን ይለውጣል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የተቀመጠው መነጽር ቀስ በቀስ እየተጓዘ ወለሉ ላይ ይወድቃል። መስታወቱ ስለሚርገፈገፍ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ጋምቤላ ውስጥ ብዙ ጊዜ እውነትም ሁለት ናቸው። ሌላው መልክ ነዳጅ ሲረገጥ የሚመጣው ነው። ቲቸር ይረግጣል፤ መኪናዋ ታስባለች። አስባ አስባ አንዴ ትስላለች፤ ከዚያ ድንገት ትዘላለች። የባሮ ድልድይ ላይ ሊወጣ ሲል ታስብና፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፍቶ ካለፈ በኋላ ትዘላለች። እግረኛው፣ ሞተር ብስክሌቱ፣ ዓሣ የተጫነበት ጋሪ ሳይቀር ይቀድማታል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ቲቸር አልደበቀም፤ ኮፈኑን ከፍቶ ማንጎ ዛፍ ሥር አቆማት። በዚህ ከተማ የተከፈተ ኮፈን የግብዣ ካርድ ሳይበተን ሰው የሚሰበሰብበት ብቸኛው ድግስ ነው።

መጀመሪያ የደረሰው ባለ ባጃጅ ነበር። «ማሌ፣ ቲቸር!» ብሎ በኑዌርኛ ሰላምታውን ከሰጠ በኋላ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ አዳመጠና «ካንዴላ ነው» አለ። ካንዴላ ተቀየረ። ከዚያ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ሌላ ጎረቤት መጣ፤ «ቦቢናው ሞቋል» አለ። መቼስ ጋምቤላ ውስጥ ያልሞቀ ነገር ቢያገኝ ነበር የሚገርመው። ከዋናው መንገድ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ጋራዥ ደግሞ ካርቡራተሩን ፈትቶ ሳያየው «ይሄ አልቆለታል፤ አዲስ አበባ ሰው አለኝ፣ ላስመጣልህ» ብሎ ዋጋ ተናገረ። ዋጋውን የሰማ ሁሉ ዝም አለ፤ መኪናዋም፣ ምሎ መናገር ይቻላል፣ ለጊዜው መንቀጥቀጧን ያቆመች መሰለ። ስልኩን ከእጁ የማይለይ አንድ ጎረምሳ በበኩሉ «ለምን በኮምፒዩተር አትታይም?» አለ። ገመዱን የት እንደሚሰካው ሲፈልግ ቆይቶ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተስፋ ቆረጠ።

ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ነገር የተናገረው «ቤንዚኑ ነው» ያለው ነበር። ማደያ ሲደርቅ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይቆማል። ጠርሙሱ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ማን እንደገባ ሻጩም አያውቅ፣ ገዢውም አይጠይቅ። ውሃ ሊኖር ይችላል፤ አቧራ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ነጭ ጋዝ የተጨመረበትም ያጋጥማል። መፈተሻው ግን ቀላል ነው። ጥቂት ቤንዚን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ሳይነካኩ ማሳደር ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሲነጋ ከታች ለብቻው ተኝቶ ይገኛል። የቲቸር ቤንዚን አደረ፣ ታየ፣ ንጹሕ ነበር። እንግዲህ ቤንዚኑም ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወጣ ማለት ነው፤ ካንዴላውና ቦቢናው ግን ምንም ሳይገኝባቸው ገንዘብ አስወጥተው ነው የወጡት።

እኔን የሚገርመኝ የአማካሪው ብዛት አይደለም። ሁሉም መልስ ይዞ መምጣቱ ነው። ከመጡት ውስጥ አንድም ሰው ጥያቄ አልጠየቀም። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ እንኳ ጣት ከመብጣቷ በፊት «ከየት ነው የመጣኸው? ሰሞኑን የት ነበርክ?» ትላለች። ለመኪና ግን ይህ ወግ የለም። ኮፈን ይከፈታል፣ ጣት ይቀሰራል፣ ዕቃ ይገዛል።

የጠየቀው አንድ ሰው ነበር። በጡረታ ላይ ያለ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በፊያት ኤን ትሬ ዘመን በመቱና በጎሬ በኩል ስንት ጊዜ እንደወረደ እሱ ራሱ መቁጠር ትቷል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን ዞራትና፣ ሞተሩን ሳይነካ ባለቤቱን ጠየቀ።

«አንተ ልጅ፣ ሚኒሞዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያስተካከልከው የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነው ጋሼ። ልመጣ ስል ጥሩ አድርገው ሠርተውልኝ ነው የወጣሁት።»

«አይ እንግዲያውስ መኪናህ ገና አልመጣችም። አንተ ነህ የመጣኸው፤ እሷ አሁንም አዲስ አበባ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋምቤላ ከ530 ሜትር አትበልጥም። ሰው ሲወርድ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ከዚያ ይለምዳል። ካርቡራተር ግን የሚለምድበት አንጎል የለውም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድድ ወደ 15 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ መካኒክ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እንዳይተፋ ቤንዚኑን ቀነስ አድርጎ ያስተካክለዋል። ትክክል ነው፤ ለአዲስ አበባ። ያችው መኪና ጋምቤላ ስትወርድ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ከፍ ይላል። ሙቀቱ አየሩን ስለሚለጥጠው ከዚህ ጥቂቱን ይመልሳል፤ ግን ሁሉንም አይመልስም። ሞተሩ አየር ጠግቦ ቤንዚን ይራባል። በቤንዚን የተራበ ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ሲታዘዝ ይስላል። ቡና አፍይዋ እህታችን ያለችው ይህንኑ ነበር፤ ያነሰው የቁጥር ማስረጃ ብቻ ነው።

መንገዱን የሄደበት ሰው ይህን በጆሮው ያውቀዋል። ጎሬ ላይ ከፍታው 2,000 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ቡሬን አልፎ፣ ቦንጋን አልፎ (የከፋዋን አይደለም የምለው፤ የእኛን ቦንጋ ነው)፣ ጋምቤላ ለመድረስ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህ አጭር መንገድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ጎሬ ላይ መስኮት ዘግተህ ጋቢ የደረብክ ሰው፣ ቦንጋ ስትደርስ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አውርደህ የሸሚዝህን ቁልፍ ትፈታለህ። ጆሮህ ይደፈናል፤ ይከፈታል። መኪናዋ በበኩሏ ፍሬን ከመሽተት በቀር የምትናገረው የላትም፤ ቁልቁለቱ ስለሚገፋት ሕመሟ አይታወቅባትም። የሚታወቀው ሜዳው ላይ ወርዳ በራሷ ጉልበት መሄድ ሲኖርባት ነው።

የጥንቱ የጋምቤላ ሞተር ይህ ጣጣ አልነበረበትም። አፄ ምኒልክ በፈረንጆቹ 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ከተሰጠ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የወንዝ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ጨርቅ አራግፈው የጎሬንና የሳዮን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ መርከብ ሽቅብ የወጣው 150 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በወንዝ ለመጣ ሞተር አየሩ ያው አየር ነበር። እርግጥ ነው፣ መርከቡም የራሱ አመል ነበረው፤ ባሮ በክረምት ካልሞላ አይመጣም። ግን ያ የሚኒሞ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ማንጎው ጥላ ልመለስ። ሽማግሌው ሹፌር ለማንም ሳይከራከር የሠራው ሥራ ዕቃ የሚያስገዛ አልነበረም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አስፈታ። ገና አዲስ ናቸው፤ ጫፋቸው ግን ነጣ ብሏል። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጥላሸት ይይዛል፤ ሲመጣጠን ቡናማ ይሆናል፤ ሲያንስ ይነጣል። ከዚያ ሞተሩ ተነሣና ቾኩ ትንሽ እንዲሳብ አዘዘ። ቾክ አየሩን ሲያፍነው የተበላሸ ሞተር ይባስ ይታፈናል ተብሎ ይጠበቃል። የቲቸር ሞተር ግን ተሻለው፤ መንቀጥቀጡ በረድ አለ። ሽማግሌው የአየር ማጣሪያውን ክዳን አስነሥቶ የካርቡራተሩን አፍ በመዳፉ ግማሹን ሸፈነው። አሁንም ተሻለው።

«አያችሁ?» አለ፣ «አየር ሲቀነስለት ደስ የሚለው ከሆነ፣ ያነሰው ቤንዚን ነው።»

ሚኒሞ የምታስተካክለዋን የቤንዚን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ፈታት። እያዳመጠ ይፈታል፤ ሞተሩ ከፍ ሲል ያቆማል፤ ትንሽ ይመልሳል፤ ደግሞ ያዳምጣል። በዚህ መካከል ያ ባለ ባጃጅ ሊያስረዳን ሲሞክር ሁላችንም ዝም አሰኘነው። ሞተሩ ተረጋጋ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መነጽር መጓዙን አቆመ።

ቲቸር ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ሽማግሌው የነዳጁን ገመድ ይዞ ነዳጅ ሰጣት። አሁንም አሰበች። ቀደም ሲል ከምታስበው ያነሰ ነው፤ ግን አሰበች። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዳንዱ፣ መቼም ሰው ነውና፣ የተደሰተ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው የሰውዬው ሙያ የታየው። ሞተሩን አጠፋና የካርቡራተሩን ጉሮሮ ወደ ውስጥ እያየ የነዳጁን ክንድ በእጁ ሳበ። ቀጭን የቤንዚን መስመር ፊጭ ብሎ ተረጨ። ነዳጅ ድንገት ሲረገጥ አየሩ ቀድሞ ስለሚገባ፣ ቤንዚኑ እንዳይዘገይ የምትረጭ ትንሽ ፖምፓ አለች። ላስቲኳ ከደረቀች መኪና ታስባለች። የቲቸር ፖምፓ ደህና ናት። እንግዲህ ሌላ ቦታ ነው። ሞተሩን እንደገና አስነሥቶ ከቡናዋ እህታችን አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀበለና፣ አየር ሊያስገቡ የሚችሉ መጋጠሚያዎች ላይ ጠብ ጠብ ያደርግ ጀመር። ማኒፎልዱ ሥር ምንም የለም። የካርቡራተሩ ጋርኒሲዮን ላይ ምንም የለም። ከካርቡራተሩ ወደ ዲስትሪቢተሩ የምትሄደው የስክሪብቶ ውፍረት ያላት ጥቁር የላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ ድምፁን ለወጠ። ውሃው ለቅጽበት ስንጥቁን ደፈነው።

ይህች ቱቦ ማንም የማያያት ናት። ሥራዋ ግን ቀላል አይደለም። የሞተሩን የመሳብ ኃይል ለዲስትሪቢተሩ ታደርሳለች፤ ዲስትሪቢተሩም በዚያ መሠረት እሳቱን ያስቀድማል፣ ያዘገያል። ስትሰነጠቅ ሁለት ጉዳት ታደርሳለች። ያልተጠራ አየር ታስገባለች፤ እሳቱም በሰዓቱ እንዳይደርስ ታደርጋለች። የጋምቤላ ሙቀት ላስቲክ አይወድም። ሽማግሌው ቱቦዋን ነቀላት፣ የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በምላጭ ቆረጠና የቀረውን መልሶ ሰካው። ነዳጅ ሰጣት። መኪናዋ ሳታስብ ጮኸች።

ቲቸር የከፈለው ዋጋ ምንም ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ የማያምነው። አዲስ ካርቡራተር ቢገባላት ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርላት ነበር። በነጻ የዳነን ማን ይቆጥረዋል? ባለ ባጃጁ እስከ አሁን «ካንዴላው እኮ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሠራው» ይላል።

ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ጨመረ። እሳቱ ለደጋ ፈጠን ተደርጎ ስለነበር፣ በዚህ ሙቀት ሞተሩ እንዳይንኳኳ ዲስትሪቢተሩን ትንሽ ወደ ኋላ አዞረው። ደግሞም በመጋቢት ከሰዓት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የቤንዚን ፖምፓዋ ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዲጠመጠም አዘዘ። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቀላሉ ክፍል ከ35 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መፍላት ይጀምራል። ይህ ማለት የቲቸር መኪና ፀሐይ ላይ ከቆመች ለሻይ የሚሆን ውሃ ሳይሞቅ ቤንዚኗ ይፈላል ማለት ነው። የፈላ ቤንዚን ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ ፖምፓዋም እንፋሎት መግፋት አትችልም። ጨርቁ የተገኘው ከቲቸር ሚስት ጓዳ ነው፤ ስለ እሱ የተደረገው ውይይት እዚህ አይጻፍም።

ለነገሩ ይህ ሁሉ ጣጣ የካርቡራተር ዘመን ጣጣ ነው። አዲሶቹ መኪኖች፣ እነ ቪትስ ሳይቀሩ፣ አየሩን የሚመዝን መለኪያ አላቸው፤ ኮምፒዩተሩ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል፤ ጎሬም ጋምቤላም ለእነሱ አንድ ነው። ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም የሚል ካለ፣ የቲቸርን ደመወዝ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መንግሥት ወሰነ፤ የሚገባው የኤሌክትሪክ ነው ተባለ። የኤሌክትሪክ መኪና ሚኒሞ የለውም፤ ሲቆም ይቆማል፣ ዝም ይላል። ማንጎ ዛፍ ሥር ኮፈኑ ቢከፈት ሰው ምን ብሎ ይሰበሰባል? እስከዚያው ዲኤክሷ በዋጋ እየወጣች፣ በዕድሜ እየገፋች አለች።

በትንሣኤ ሰሞን ቲቸር ዘመድ ጥየቃ ወደ መቱ ወጣ። ሽማግሌውን ያልነገረው ይህን ብቻ ነው። ቡሬን ሲያልፍ መኪናዋ መክበድ ጀመረች፤ ጎሬ ሲደርስ ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ መቱ ስትገባ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ለቆላ የተመጠነው ቤንዚን ደጋ ላይ በዝቶባት ነው። እዚያ ያገኘው መካኒክ ወጣት ነው፣ ፈገግተኛ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፤ ካንዴላ ነቅሎ ጥላሸቱን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺን የመሰለች መኪና ማን ነው እንዲህ የነካካት?» አለና፣ መልስ ሳይጠብቅ ካቻቢቴውን አነሣ።